ፊልሙን ቁጭ ብሎ መጨረስ

በደሴ ፒያሳ በተደረገው የደሴና የኮምቦልቻ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ በትምህርትና መዝናኛ ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር

 አብሽሩ፣ ብዙ አናቆያችሁም።

ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ ጉዳይ ተነስቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። አባላት ከልጆቻቸው ጋር ፊልም የሚያዩበት ቀን ይኑረን የሚል ሐሳብ ነበር የቀረበው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ «ፊልም እቤታችን አለ፤ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ስልኩ አለ፤ ለትኬት የሚወጣው ገንዘብ ዘይት ይገዛል» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «እቤት የሚታየው ፊልም ለልጆችና ለአባት ነው፤ እኛም አንድ ቀን አዳራሽ ገብተን እንይ» አሉ። አንድ ደጋፊያችንም ለጽሕፈት ቤቱ ትልቅ ቴሌቪዥን ልግዛላችሁ ወይ ብለው መጠየቃቸው ይታወሳል። ነገሩን አስባችሁበት ኑ ተብሎ ለንዑስ ኮሚቴያችን ተሰጠ። ዛሬ ያሰብነውን ይዘን ቀርበናል።

ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ስለ ፊልም ማውራት ቅንጦት ነው የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ብድር የምትመልስ አለች፣ የቤት ኪራይ የጨመረባት አለች፣ በ2014ቱ ጦርነት የጠፋ የቤት ዕቃዋን እስከ ዛሬ ያልተካች አለች። እኛም በዚሁ ኑሮ ውስጥ ነን። ይሁን እንጂ ማህበራችን ገና ሲመሠረት ያስተማረን ነገር አለ፤ ያልተመዘገበ ገንዘብ የት እንደገባ አይታወቅም። ገንዘባችንን በደብተር መጻፍ ስንጀምር ነው ቁጠባ የሚባለውን ያወቅነው። የእረፍት ሰዓታችን ግን ደብተር የለውም። የት እንደሚሄድ ማንም ጠይቆን አያውቅም፤ እኛም ራሳችንን አንጠይቅም። ስለዚህ የፊልሙን ነገር እንደ ምክንያት ወስደን ስለዚህ ሰዓት እንነጋገር።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። አሁን የተሰበሰብንበት ሰፈር ፒያሳ ይባላል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ጣሊያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜ በየከተማው ያስቀረው ስም ነው፤ አዲስ አበባም ፒያሳ አላት፣ ጎንደርም ፒያሳ አላት። በጎንደር ፒያሳ ጣሊያኖች የሠሩት ሲኒማ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። በአዲስ አበባው ፒያሳም ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ለብዙ ትውልድ የታወቁ ነበሩ። ታዲያ በወረራው ዘመን ሲኒማ ቤት ገብቶ መቀመጥ ለሁሉም የተፈቀደ አልነበረም። ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይቀመጡ የሚከለክል ሕግ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ፊልም የታየበት ቤት ደግሞ በሕዝቡ አፍ «ሰይጣን ቤት» ነበር የተባለው። ሲኒማ ወደ አገራችን ሲገባ፣ ማን ይገባል፣ ማንስ ቢገባ ስሙ ይጠፋል የሚለው ጥያቄ አብሮት ገብቷል ማለት ነው።

ለሴት ልጅ ይህ ጥያቄ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቷል። በአገራችን የቲያትር መድረክ ላይ እንኳን መጀመሪያ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። እንደ ሰላማዊት ገብረሥላሴና አስናቀች ወርቁ ያሉት ቀዳሚዎች መድረክ ላይ ሲወጡ ብዙ ነቀፋ ችለው ነው። መድረክ ላይ የወጣችው እንዲህ ከተነቀፈች፣ ልታይ የገባችውም አልተረፈችም። ከእኛ መካከል ዕድሜያቸው ከፍ ያሉት እናቶች፣ በልጅነታቸው «ሲኒማ የምትገባ ልጅ» መባል ምን ማለት እንደነበር ያስታውሳሉ። በኋላ የመጡት ቪዲዮ ቤቶችም ያው ነበሩ። የህንድ ፊልም በአማርኛ ትርጉም እየተነገረ ወንድሞቻችን አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው ያዩ ነበር። እኛ ታሪኩን የሰማነው ማታ እነሱ እቤት መጥተው ሲያወሩ ነው።

ስለዚህ ፊልም ወደ ቤት ሲገባ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው»ም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። በ1977 ዓ.ም. ቴሌቪዥኑ ቀለም ያዘ። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት የሰፈሩ ሁሉ ቤት ነበር፤ ልጆች መሬት ላይ፣ ጎረቤት በር ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ቀጥሎ የቪዲዮ ካሴት መጣ፣ ሲዲ መጣ፣ ዲሽ መጣ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲጀምር የቱርክ ተዋንያን አማርኛ መናገር ጀመሩ። አሁን ደግሞ ፊልሙ በፍላሽ ተጭኖ ይመጣል፣ ካልሆነም በስልክ ይታያል። ከቤቷ ሳትወጣ፣ ስሟ ሳይነሳ፣ መንገድ ላይ ሳትመሽባት ፊልም ማየት የቻለች ሴት ብዙ ነገር አግኝታለች። «እቤት ይበቃናል» ያላችሁ እህቶቻችን ያለ ምክንያት አላላችሁም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ የቅዳሜ ምሽት እናስብ። የማንንም ቤት አንጠራም፤ የሁላችንም ቤት ነው።

ፊልሙ በፍላሽ መጥቷል። አባት ሶፋው ላይ ነው፣ ልጆች ምንጣፉ ላይ ናቸው። ፊልሙ ሲጀመር እናት ቡና እየቆላች ነው። ጭሱን ልታሸት ስትዞር የመጀመሪያው ጠብ አለፋት። ስትወቅጥ፣ «ቀስ አድርጊው፣ አልሰማንም» ተባለች። ፈንድሻው አለቀና ሌላ ልታፈካ ተነሳች። ትንሹ ልጅ ውኃ ጠማኝ አለ። አቦል ሲቀዳ ዋናው ሰውዬ ታስሯል፤ ለምን እንደታሰረ ብትጠይቅ፣ «ቆይ በኋላ እንነግርሻለን» አሏት። ሲኒውን አለቅልቃ ቶናውን ስትቀዳ ሰውዬው ተፈትቷል። ማን እንዳስፈታው አታውቅም። በረካ ላይ ስትደርስ ሁሉም ያለቅሳል፤ እሷ ግን የሞተችው ሴት ማን እንደሆነች ገና ልትጠይቅ ነው። ፊልሙ አለቀ። ልጆቹ ባሉበት ተኙ። ረከቦቱን የምታነሳው፣ የፈሰሰውን ፈንድሻ የምትጠርገው፣ ልጆቹን ተሸክማ አልጋ የምታገባው እሷው ናት።

ጠዋት ሲነሱ፣ «ትናንት ማታ ቤተሰቡ አንድ ላይ ፊልም አየ» ይባላል።

ይህንን በኮሚቴ ስንነጋገር አንዲት አባላችን የፊልም መጨረሻ የምትሰማው ሁልጊዜ ከሴት ልጇ አፍ እንደሆነ ነገረችን። በጣም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ፣ ባለፈው ወር አንድ ፊልም ሳትነሳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየች እጇን ታውጣ ስንባባል ግን ዝም ተባባልን።

«ታዲያ ፊልሙን ማቆም ይቻል የለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይቻላል። የመጀመሪያ ጊዜ «አቁሙልኝ» ስትይ ይቆማል። ሁለተኛ ጊዜ ልጆቹ ያጉረመርማሉ። ሦስተኛ ጊዜ አንቺው ራስሽ፣ «ግድ የለም፣ እናንተ እዩ» ትያለሽ። ሪሞቱን የያዘው ሰውም አለ። ቤት ውስጥ ሪሞቱ ማን እጅ እንደሚውል ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ የአባት፣ ቀጥሎ የትልቁ ወንድ ልጅ ነው። ኳስ ካለ ደግሞ ፊልሙም አይኖርም።

ይህ የእኛ ቤቶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሰዎች የቀናቸውን 24 ሰዓት በምን በምን እንደሚያሳልፉ አጥንቶ ነበር። ጥናቱ ያሳየው እኛ የምናውቀውን ነው። ክፍያ የሌለው የቤት ውስጥ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው። ሥራው የሚቀጥለው ሌላው ሰው ባረፈበት ሰዓት ስለሆነ፣ እረፍት ሲባል እንኳ የቤተሰቡን እረፍት የምታዘጋጀው እናት ናት። የፊልም ምሽት ለቤተሰቡ መዝናኛ ሲሆን ለእሷ ተጨማሪ ፈረቃ ይሆንባታል።

ሲኒማ ቤት ስንገባ ምን ይለወጣል? ፊልሙ ያው ሊሆን ይችላል። የሚለወጠው የእኛ ቦታ ነው። መብራቱ ይጠፋል፤ ማንም ስማችንን አይጠራም። ቡና የለም፣ ሲኒ የለም። አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ የታሪኩን መጀመሪያ ከመጨረሻው ጋር አገናኝተን እንወጣለን። አጠገባችን የማናውቃት ሴት ስትስቅ እንስቃለን። ስንወጣ ደግሞ በመንገድ ላይ ስለፊልሙ እንከራከራለን። እንደተናጋሪ እንጂ እንደጠያቂ አንሆንም፤ ታሪኩን አይተነዋልና።

አንድ ምሳሌ እናንሳ። «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የተሠራው በእውነተኛ ታሪክ ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለች። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርን ካቋቋሙት አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ተከራከሩላት፤ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀል ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ የሚያመልጥበትን መንገድ ይሰጠው ነበር። ያ መንገድ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ወይዘሮ መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው ፊልም ደግሞ በ2006 ዓ.ም. አሜሪካ በሚካሄደው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ።

አሁን ይህንን ፊልም እቤት ስናየው እናስብ። የጠለፋው ቦታ ላይ ሲደርስ ክፍሉ ይጨንቃል። አባት ያስላል። አንዱ፣ «ሌላ አድርጉት፣ ልጆች አሉ» ይላል፤ ሪሞቱ ይሠራል። ሴት ልጃችን መሬት መሬት ታያለች። ነገሩ ሳይነሳ ያልፋል። ከልጆቻችን መካከል ለትልልቆቹ ሴቶች፣ ከእናቶቻቸውና ከአክስቶቻቸው ጋር ብቻ ሆነው በአዳራሽ ቢያዩት ግን ሌላ ነው። ፊልሙ እስከ ፍርዱ ድረስ ይሄዳል። ሲያልቅ መብራት ይበራል፣ አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዷ በእሷ ዘመን የሆነውን ትናገራለች። እትዬ ብለን የምናከብራቸው እናቶች ለልጆቻቸው ለብቻቸው ሊናገሩት ያፈሩትን በብዙ ሰው መካከል ሲናገሩት ቀሎ ይወጣል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ፊልም እቤት ሳይሆን ከቤት ውጭ መታየት አለበት የምንለው።

ያም ሆኖ ሲኒማን ብቻ አመስግነን ወደ ቤት ልንልካችሁ አንፈልግም። ለሲኒማ መሄድ ምን እንደሚያስወጣ እናውቃለን። ሦስት ልጆች ያሏት እናት አራት ትኬት ትቆርጣለች፤ ከዚያ የባጃጅ መሄጃና መመለሻ አለ፤ ልጆች ካዩ ደግሞ ለስላሳና ብስኩት ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ላይ የተመረቀ ፊልም ተዋንያኑን ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲዞር ብዙ ጊዜ የሚታየው ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ ሴት ልጅ ከአዳራሽ ወጥታ ትራንስፖርት መጠበቅ አያስደስትም። ባለፉት ዓመታት ያሳለፍነው ጊዜም ሲመሽ ቤት መገኘትን አስተምሮናል። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት አትችልም። እግራቸውን የሚያማቸው እናት ደረጃ አይወጡም። ለእነዚህ እህቶቻችን ቤት ውስጥ የሚታየው ፊልም ያላቸው ብቸኛ ፊልም ነው። ሕፃኑ ጭን ላይ ይተኛል፤ አያት ከመደባቸው ሳይነሱ ያያሉ፤ ያልገባውን ልጅ ማስረዳት ይቻላል። ስለዚህ የቤቱን ምሽት ማስተካከል እንጂ መተው አይገባንም።

የኮምቦልቻ ልጆቻችን ያነሱት ነገር ደግሞ እኛ የደሴዎቹ ያላሰብነው ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የምትሠሩት፣ «ቤተሰብ የምትሉት እኛ ጋ የለም» አላችሁን። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆናችሁ ተከራይታችኋል። አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ስትተኛ ሌላዋ ለመውጣት ትለብሳለች። ፊልም የምታዩት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ፣ የተኛችውን እንዳትቀሰቅሱ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በአንድ ስልክ ነው። ለእናንተ አዳራሽ ማለት ሰፊ ክፍል፣ ድምፅ ከፍ ብሎ የሚሰማበት፣ ሳትሳቀቁ የምትስቁበት ቦታ ነው። ይህንን ሰምተን ሐሳባችንን እንደገና አየነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮሚቴው የደረሰበት ቀላል ነው። ፊልሙ የትም ይታይ፣ መለኪያችን አንድ ይሁን። ያዘጋጀችው ሴት ቁጭ ብላ ጨርሳዋለች ወይ? ጨርሳ ከሆነ የቤቱም ጥሩ ነው፣ የአዳራሹም ጥሩ ነው። ካልጨረሰች ቴሌቪዥኑ የቱንም ያህል ቢተልቅ ጥቅም የለውም። በዚህ መለኪያ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛው ስለ ቤታችን ነው። በሳምንት አንድ ምሽት የፊልም ምሽት ይባል። ቡናው ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ይጠጣ፤ ሦስተኛው ሲኒ ሳይነሳ ፊልም አይከፈት። ፈንድሻው ቀድሞ ፈክቶ በአንድ ትልቅ ሳህን ይቅረብ። ፊልሙ እየታየ የሚፈለገውን ውኃም ይሁን ሌላ ነገር የሚያመጣው ከወንድ ልጆች አንዱ በተራ ይሁን። ሲኒ ማጠብ እጅ ያለው ሁሉ የሚችለው ሥራ ነው። ፊልሙን የሚመርጠውም በተራ ይሁን፤ አንድ ሳምንት አባት፣ አንድ ሳምንት ልጆች፣ አንድ ሳምንት እናት። ስልኮች መሶቡ ሥር ይቀመጡ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከተጀመረ 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ይተኛል። በረመዳንና በጾም ወቅት እያንዳንዱ ቤት እንደ ሥርዓቱ ያስተካክለው። ለባሎቻችን ይህንን ስንነግራቸው በቁጣ አይሁን፤ «ዛሬ እኔም ከአንተ ጋር ልይ» ብለን እንንገራቸው። አብራው ተቀምጣ እንድታይ የማይፈልግ ባል ጥቂት ነው ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ስለ አዳራሽ ነው። በወር አንድ እሑድ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አብረን እንይ። ሰዓቱን የመረጥነው አስበን ነው። ክርስቲያኖቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ በልተዋል፤ ሙስሊሞቹ ዙህር ሰግደዋል፣ ለአስርም ይደርሳሉ። ሁሉም ሳይመሽ እቤቱ ይገባል። አንድ ወር ደሴ፣ አንድ ወር ኮምቦልቻ ይሁን፤ መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በጋራ መኪና ብንሄድ ወጪው ይቀንሳል። በከተማችን ጥሩ ፊልም በቀን ከታየ በቡድን ትኬት እንግዛ፤ የቡድን ቅናሽ መጠየቅም አንፈር። ካልታየ ደግሞ በተከራየነው አዳራሽ ራሳችን እናሳይ። ሆኖም ከሱቅ በፍላሽ የተጫነ ፊልም ሰው ሰብስቦ ማሳየት አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፊልምን ለሕዝብ ለማሳየት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፊልም የሚሠሩ ሴቶች እንዳሉን አንርሳ፤ «ረቡኒ»ን ያዘጋጀችው ቅድስት ይልማ አንዷ ናት። እኛ ሹራብ ሠርተን ሳይከፈለን ቢወሰድብን እንደምንናደድ፣ የእነሱም ሥራ ያው ነው። ደብዳቤ ጽፈን ፈቃድ እንጠይቃለን፤ የሚከፈል ካለም በአባላት መዋጮ እንከፍላለን።

ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው፤ በግልጽ እንድንናገር ይፈቀድልን። ትልቅ ቴሌቪዥን ልትገዙልን ስላሰባችሁ ከልብ እናመሰግናለን። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ከጽሕፈት ቤቱ አይንቀሳቀስም፤ ለኮምቦልቻ አባላትም አይደርስም። በዚያው ገንዘብ አንድ ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ ቢገዛ፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ዘርግተን በሁለቱም ከተማ እንጠቀምበታለን፤ በሌላው ቀን ለሥልጠና ይውላል። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄም አለን። በፊልሙ ቀን ሕፃናትን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎችና ምንጣፍ የተነጠፈበት አንድ ክፍል እንፈልጋለን። ለጠባቂዎቹ የቀን አበል የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከተገኘ፣ ሕፃን ያላቸው እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ሊጨርሱ ይችላሉ። ምናልባት ለሪፖርት የሚያምር ነገር ላይሆን ይችላል። የቴሌቪዥን ፎቶ ይነሳል፤ ሳትነሳ የተቀመጠች እናት ፎቶ ብዙም ነገር አይናገርም። ለእኛ ግን ዋናው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ከአንድ የመረዳጃ ማህበር ሥራ እንደሚቆጠር የሚጠይቅ ካለ መልሳችን አጭር ነው። እኛ የተሰባሰብነው አንዲት ሴት ብቻዋን የማትችለውን አብረን ለመቻል ነው። ብቻዋን ብድር አታገኝም ነበር፤ አብረን አገኘን። ብቻዋን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቷን ዘግታ፣ ልጇን ለሰው ሰጥታ፣ «ፊልም ላይ ነኝ» ማለት አትችልም። አርባ ሆነን ስንወጣ ግን ማንም አይጠይቀንም፤ «ማህበር ሄዱ» ነው የሚባለው። ጎረቤትም ባልም አማትም የማህበር ቀን ያከብራል። የማህበራችንን ስም ለብድር እንደተጠቀምንበት ለእረፍትም እንጠቀምበት።

እንግዲህ ንግግራችንን እዚህ ላይ እናበቃለን። አሁን ለውይይት የምናቀርባቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። የወሩ እሑድ የትኛው ይሁን? የአባላት መዋጮ ስንት ይሁን? የመጀመሪያውስ ፊልም ምን ይሁን? ፊልሙን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ኮሚቴው ዝርዝር አላዘጋጀም። የኮምቦልቻ አባላት መኪናችሁ ስለሚቸኩል መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ። የማትናገሩም ብትሆኑ፣ ከበሩ አጠገብ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማየት የምትፈልጉትን አንድ ፊልም ጻፉልን። መጻፍ የማይመቻችሁ እናቶች ለልጆቻችን ንገሯቸው፤ ይጽፉላችኋል።